ሕመሙ ሲነሳ ሥራውን ማን ይይዝለታል?

የከተሞች ምርታማ ሴፍቲ ኔት በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሐዋሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ፕሮግራሙ የድሃ ድሃ የሚባለውን ቤተሰብ በሁለት መዝገብ ይለያል። መሥራት የሚችለው መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ለዚያም ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው፣ ማለትም በዕድሜ የደከመው፣ በጠና የታመመው፣ ጉዳቱ የከበደበት፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ለአብዛኛው ሰው ክፍፍሉ ያስኬዳል። ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ከዓመቱ ዘጠኝ አሥሩን ወር እንደማንም ሠርቶ፣ በቀሩት ሳምንታት ከአልጋ መነሳት ሊያቅተው፣ ወይም እንቅልፍ አጥቶ ከተማውን ሲዞር ሊያድር ይችላል። የትኛው መዝገብ ላይ ይጻፍ?

ችግሩ የሴፍቲ ኔት ብቻ ቢሆን ኖሮ መመሪያው ይሻሻል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ቀጣሪውም፣ ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እውነተኛው መልስ «አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይችልም» የሚል ነው፤ ለዚህ መልስ ቦታ ያዘጋጀ አሠራር ግን ብዙም የለንም። ቀድሞ ይታከም ወይስ ይቀጠር፣ ፋብሪካ ይግባ ወይስ የራሱን ይክፈት፣ ሕመሙን ይናገር ወይስ ይደብቅ የሚሉት ክርክሮች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚሁ ላይ የሚያርፉ ይመስለኛል። ሰው የሚቀጠረው ደህና በሆነበት ቀን ነው። ሥራውን የሚያጣው ሕመሙ በተነሳበት ሳምንት ነው። ስለዚህ ከማስቀጠሩ ይልቅ ማቆየቱ ላይ መከራከር አለብን።

የአእምሮ ሕመምተኛ ሲባል ብዙ ሰው መናኸሪያ አካባቢ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረውን ሰው ያስባል። ከሰው ዓይን ርቆ ከወላጆቹ ጋር፣ ከእህቱ ቤት ጓዳ የሚኖረው ግን አይታሰብም። ቡታጅራ ላይ ለዓመታት በተካሄደው ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ታይቷል። በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በከባድ የምግብ እጦት ውስጥ እንደሚኖር፣ ይህም ከጎረቤቶቻቸው ቤት ጋር ሲተያይ ከእጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። የሥራ ጉዳይ በእኛ ሀገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። በሌላው ዓለም ሥራ ለሕመምተኛው ክብርና ማንነት ይሰጣል ተብሎ ይጻፋል፤ እዚህም ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን እንጀራ ነው።

«መጀመሪያ ይዳን፣ ሥራው ይደርሳል» የሚለው ድምፅ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ልጇን ነዋሪው «ሪፈራል» ብሎ ከሚጠራው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ከአማኑኤል ሆስፒታል፣ መድኃኒት አስይዛ የመለሰች እናት ያንን የመጀመሪያውን ሌሊት አትረሳውም። እንዳይደገም የማታደርገው የለም። ሥራ ማለት ለእርሷ የአለቃ ቁጣ፣ የባልደረባ ሽሙጥ፣ የእንቅልፍ ማጣት ነው። በርካታ ሐኪሞችም በዚህ ይስማማሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። በእኛ ሆስፒታሎች በብዛት የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን እጅን ሊያንቀጠቅጡ፣ ጡንቻን ሊያገትሩ፣ ጠዋት ላይ ጭንቅላትን ሊያከብዱ ይችላሉ። መጠኑ ሳይስተካከል ስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠች ወጣት ስሕተቷ ይበዛል፤ ስሕተቷ ሲበዛ ትወቀሳለች፤ ስትወቀስ መድኃኒቱን ታቆማለች። ቀጥሎ የሚመጣውን እናትየዋ ታውቀዋለች።

በተቃራኒው ወገን ያለው ማስረጃ ግን ችላ የሚባል አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሮበርት ድሬክና ዲቦራ ቤከር ነባሩን ቅደም ተከተል ገለበጡት። ሕመምተኛውን ለወራት በሥልጠና ማዕከል ከማቆየት ይልቅ፣ መሥራት እፈልጋለሁ እንዳለ ራሱ የመረጠውን ዓይነት እውነተኛ ሥራ ቶሎ ይፈልጉለታል፤ ከተቀጠረ በኋላም ከሕክምና ቡድኑ ጋር አብሮ የሚሠራ አንድ ባለሙያ በጊዜ ገደብ ሳይታጠር ይከታተለዋል። ለንደንን፣ ሪሚኒንና ሶፊያን ጨምሮ በስድስት የአውሮፓ ከተሞች 312 ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሰት መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ይህን ከተለመደው ሥልጠና ጋር አወዳደረ። በ18 ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ተቀጥረው የሠሩት በአዲሱ መንገድ 55 ከመቶ፣ በነባሩ 28 ከመቶ ሆኑ። የእናትየዋን ፍርሃት በቀጥታ የሚነካው ግን ሌላው ቁጥር ነው። ሆስፒታል ተመልሰው የተኙት በአዲሱ መንገድ 20 ከመቶ፣ በነባሩ 31 ከመቶ ነበሩ። ቶሎ ሥራ የገቡት ይበልጥ አልታመሙም።

ይህን ውጤት እንዳለ አንሥቶ ሐዋሳ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። «ቢያንስ አንድ ቀን» የሚለው መለኪያ ዝቅተኛ ነው። ያ ባለሙያ የሚያንኳኳው የቀጣሪ በርም እዚህ እንደዚያ አይበዛም፤ ጤነኛው ተመራቂ ራሱ ወረፋ ላይ ነው። ወደ እኛ የሚቀርበው ማስረጃ ከሶዶ የመጣው ነው። ራይዝ በተባለው ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች ተካፈሉ። ግማሽ ያህሉ ከጤና ጣቢያ ሕክምናው በተጨማሪ የ5 ሳምንት ሥልጠና በወሰዱ፣ የጤና ባለሙያ ባልሆኑ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት እቤታቸው ተጎበኙ። ሠራተኞቹ ስለ መድኃኒቱ ያወያያሉ፤ ቤተሰቡን ያግባባሉ፤ ከቀበሌና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ይነጋገራሉ፤ ሰውዬውን ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሰት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው ውጤት እንደሚለው፣ ከ12 ወራት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ቡታጅራ ላይ ሰዎች ለምን መድኃኒት እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ አንዱ ምክንያታቸው የምግብ እጦት ነበር። ኪኒኑ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ በቤት የሚበላ የለም፤ ስለዚህ ያቆሙታል። ይህ «መጀመሪያ ይዳን» የሚለውን ቅደም ተከተል ከሥሩ ያናጋዋል። ለመዳን መድኃኒት ካስፈለገ፣ መድኃኒቱን ለመውሰድ ምግብ ካስፈለገ፣ ለምግቡ ደግሞ ገቢ ካስፈለገ፣ ሥራውና ሕክምናው ተከታትለው ሳይሆን አብረው መሄድ አለባቸው። በዚህ ክርክር እኔ ሚዛኔ ወደ ሁለተኛው ወገን ያደላል፤ ይሁንና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከልባቸው እንዲሆኑ፣ ሐኪሙም ሰውዬው ምን እንደሚሠራ እንዲያውቅ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ጠዋት ማሽን ላይ የምትቀመጥ ልጅና ማታ ጥበቃ የሚያድር ሰው መድኃኒታቸውን በአንድ ሰዓት ሊወስዱ አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምን ዓይነት ሥራ የሚለው ነው። ሐዋሳ ላይ ሥራ ሲባል የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሳይነሳ አይቀርም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ትልቁ ባለሀብት ፒቪኤች በኅዳር 2014 ወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የአሜሪካ የአጎዋ ገበያ ተሰረዘች፤ ብዙ ወጣቶች ከሥራ ተቀነሱ። ፓርኩ ግን አልተዘጋም። የፋብሪካ ሥራ ለአእምሮ ሕመምተኛ የሚስማማበት ነገር እንዳለው መካድ አይገባም። ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ሥራው ተደጋጋሚ ነው፤ ሰርቪስ አለ፤ ደመወዙ በወሩ ይመጣል። ቀኑ መልክ ያጣበት ሰው በየማለዳው የሚነሳበት ምክንያት ያገኛል።

የሚከብደውም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቦታል፤ የቤት ኪራይና ምግብ ተቀንሶ ምን እንደሚተርፍ ሐዋሳ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ኮታው በሰዓት ይቆጠራል። ፈረቃ ሲቀያየር እንቅልፍ ይዛባል፤ ባይፖላር ላለበት ሰው ደግሞ የእንቅልፍ መዛባት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ጤናማ ከሆኑት ተቀጣሪዎች እንኳ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ለቀዋል። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ያለባት ሠራተኛ ብትለቅ ለሕመሟ ብቻ መስጠት ፍትሕ አይሆንም። ሥራው ጤነኛውንም አያቆይም።

በዚያው ጥናት ለሌሎች አመልካቾች የፋብሪካ ቦታ ሳይሆን ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። ከዓመት በኋላ ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው በ33 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ ብዙ ሰው «ለአእምሮ ሕመምተኛ የሚሻለው የግል ሥራ ነው» ሲል የሚይዘውን አቋም ያጠናክራል። ጉልት፣ ሻይና ብስኩት፣ ሊስትሮ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ማጽዳት፤ ከፊቱም ከኋላውም አለቃ የለም። ሲያመው ይዘጋል፣ ሲሻለው ይከፍታል። ቀጠሮው የደረሰ ቀን ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። እኔም ለብዙዎች ይህ የተሻለ መንገድ እንደሆነ አምናለሁ።

ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ገንዘብ የተሰጣቸውም ያልተሰጣቸውም እኩል ሆነዋል። ጤነኛው ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ካፒታሉ ሕመም በተነሳ ቁጥር የሚበላበት ሰውማ እንዴት ይሆን? ስሜቱ ከልክ በላይ በሞቀበት ወቅት ዕቃውን ላላፊ አግዳሚው ያከፋፈለ፣ በብድር ያመጣውን በግማሽ ዋጋ የሸጠ ሰው ሲረጋጋ ባዶ መደብ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ ብድር ለመውሰድ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ደግሞ የመጀመሪያውን አይረሳም። የግል ሥራ «ሲያመው ይዘጋል» ማለት የተዘጋበትን ወር ኪሳራ ብቻውን ይሸከማል ማለትም ነው። ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ ሕጉ የተወሰነውን ያካፍልለት ነበር።

ሕጉን ብዙ ሠራተኛም ብዙ ቀጣሪም በደንብ አያውቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ነው። ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ወይም ተከፋፍሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ለሚመላለስ ሕመም ከዚህ የተሻለ ድንጋጌ አይገኝም። ጉድለቱም እዚያው አለ። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ጫና፣ የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። ፈቃዱ የሐኪም ወረቀት ይፈልጋል፤ ሕመሙ ሲነሳ ግን «አላመመኝም» ማለት የሕመሙ አንድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጸበል የሄደ ሰው ከጸበሉ ቦታ የሐኪም ወረቀት አያመጣም። ወረቀቱ ሳይመጣ የቀረበት ቀን እየተቆጠረ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ከዚያ ስንብት ይከተላል። ሕጉ ያልተከበረበት ቦታ ላይኖር ይችላል። አንድ ሰው ጤና ተቋም ሄዶ ወረቀቱን አሠርቶ ለሰው ኃይል አስተዳደር ቢያደርስ ኖሮ ግን ያ ሥራ አይጠፋም ነበር።

አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው፣ የአእምሮ ጉዳትንም በትርጉሙ ውስጥ ያካትታል። ቀጣሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፣ እንደ አስፈላጊነቱ ረዳት እንዲመድብ ያዛል፤ አድልዎ ተፈጸመ ሲባልም የማስረዳቱን ሸክም ወደ ቀጣሪው ያዞራል። ኮታ ግን አላስቀመጠም። ደግሞስ በዚህ አዋጅ ለመጠቀም ሰውዬው መጀመሪያ ሕመሙን መናገር አለበት።

መናገር ወይስ መደበቅ? በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ካጋጠመኝ እጠራጠረዋለሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቡታጅራ ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከሕመምተኞች ቤተሰቦች ከአራቱ ሦስቱ መገለል ይሰማቸው ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ደግሞ መደበቅን ይመርጡ ነበር። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ናት፤ ወሬ ግን ከታቦር ተራራ ተነሥቶ ሐይቅ ዳር ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም። አንዴ «እብድ ነበር» የተባለ ሰው ቢስቅም፣ ቢቆጣም፣ ዝም ቢልም ለሕመሙ ይቆጠርበታል። የሚደብቅ ሰው ይህን ሁሉ ያስባል፤ ልክም ነው። የደበቀ ሰው ደግሞ የክትትል ቀጠሮውን በውሸት ምክንያት ያስፈቅዳል፤ ኪኒኑን መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይውጣል፤ ሲያመው የሚያግዘው አያገኝም። የተናገረ ሰው አለቃው ደግ ከሆነ ይጠቀማል፤ አለቃው ከተቀየረ ይጋለጣል።

የቀጣሪውም ጭንቀት ጭፍን ጥላቻ ብቻ ተብሎ መጣል የለበትም። አራት ሠራተኛ ያላት የፒያሳ ካፌ ባለቤት አንዷ ለሦስት ሳምንት ስትቀር ቦታዋን የምታሟላበት አቅም የላትም። በስፌት መስመር ላይ አንድ ሰው ሲጎድል ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባጃጅ ልንዳ ቢል ባለንብረቱ መጠየቁ ተሳፋሪውን መጠበቅ ነው። መሠረት የሌለው ፍርሃት «ይመታናል» የሚለው ነው። ክትትል ላይ ያለ ሕመምተኛ ከመምታት ይልቅ መመታቱ፣ መዘረፉ፣ መታለሉ የበዛ ነው። ቀጣሪን ማሳመን የሚቻለው እውነተኛውን ጭንቀቱን ተቀብሎ፣ መሠረት የሌለውን ለይቶ ሲነግሩት ነው። በእኔ አስተያየት ለቀጣሪ የሚነገረው የሕመሙ ስም ሳይሆን የሚያስፈልገው ነገር ቢሆን ይበቃል፦ በወር አንድ ቀን ለቀጠሮ፣ የሌሊት ፈረቃ እንዳይመደብ፣ ችግር ሲታይ የሚደወልበት ስልክ። ከዚህ በላይ መናገሩ የባለቤቱ ምርጫ ይሁን፤ የሐኪሙም፣ የቤተሰቡም፣ የረጂ ድርጅቱም አይሁን።

ሌላም አማራጭ ይነሳል፤ ለሕመምተኞች ብቻ የተለየ የሥራ ቦታ ማደራጀት። ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ ላይ የፍራንኮ ባዛሊያ ቡድን ሆስፒታሉን እየበተነ ሕመምተኞቹን በኅብረት ሥራ ማኅበር ማደራጀት የጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ የ1991ዱ ሕግም ከሠራተኞቻቸው ቢያንስ 30 ከመቶው ሥራ ማግኘት የሚከብዳቸው ሰዎች ለሆኑ ማኅበራት ዕውቅና ሰጠ። እስከ ሰባ እጁ ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል። እኛ ጋ በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት የለመድነው ነው፤ ሕመምተኞችን ለብቻቸው ማደራጀት ግን የሚሸጥላቸውንም የሚያዋስላቸውንም ሰው ያርቃል። ተቀላቅለው ቢሆን እደግፋለሁ።

ከላይ በጠቀስኳቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ የጎደለ ሰው አለ። የሐኪም ወረቀቱን የሚያደርሰው፣ ለካፌዋ ባለቤት የሚደውለው፣ መደቡን ሕመሙ እስኪያልፍ የሚጠብቅለት፣ መድኃኒቱ እንዲስተካከል ለሐኪሙ የሚነግረው ሰው። እናት ይህን ስትሠራ ኖራለች፤ ትደክማለች፣ ታረጃለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተሸከመችው ይበቃታል። በአእምሮ ሕክምና ነርሱም በር ላይ ረጅም ወረፋ አለ። ሶዶ ላይ ይህን የሠሩት በ5 ሳምንት ሠልጥነው ደመወዝ የተከፈላቸው ሰዎች ናቸው። በድሬክና ቤከር መንገድ አንድ ባለሙያ ከ20 ሰው በላይ እንዳይዝ ይመከራል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደኝ ነው። መድኃኒት በሚያልቅበት፣ ሕመምተኛው ታዞለት ከግል ፋርማሲ ግዛ በሚባልበት ሀገር፣ ለሥራ አጋዥ ደመወዝ መክፈል ቅንጦት አይሆንም? ሶዶ ላይም ድህነትና የመድኃኒት ወጪ የቤት ለቤት ድጋፉን ይጎትቱት ነበር። አንድ ሰው በዚያ ገንዘብ ሃሎፔሪዶል ይገዛበት ቢል አልፈርድበትም።

ሆኖም ሁለቱ ከአንድ ኪስ መውጣት የለባቸውም። መድኃኒቱ የጤና ቢሮው በጀት ነው። ሰውን ሥራ ላይ ማቆየት የሥራና ክህሎት ጉዳይ ነው፤ ለጤነኛው ወጣት ሥልጠናና ቅጥር የሚመደበው ገንዘብ ለዚህም ሊመደብ ይገባል። ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። በሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንድ፣ በአዳሬ ሆስፒታል አንድ አጋዥ ቢቀመጥ 40 ሰው ይይዛሉ። ቢቻል አንዱ ራሱ ታሞ የዳነ፣ ሥራ ይዞ የቆየ ሰው ይሁን። ከዓመት በኋላ የሚቆጠረው ስንቱ ሥልጠና እንደወሰደ ወይም ስንቱ እንደተቀጠረ አይሁን፤ ሕመሙ ከተነሳባቸው ስንቶቹ ወደ ነበሩበት ሥራ ወይም ወደ መደባቸው ተመለሱ የሚለው ይቆጠር። ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ገንዘቡ ወደ መድኃኒት ይዙር፤ ያኔ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር እቆማለሁ።